ሙቀቱን አያስሩት፦ የባኮን በርበሬ ለሚያደርቅ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ማሻሻያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ አምቦን አልፈው፣ የጌዶን ደጋ አቋርጠው ቁልቁል ሲወርዱ የለበሱት ጋቢ ይከብድዎታል። 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባኮ ይደርሳሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1650 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ሞቃት፣ ዝናቡም እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ አገር ነው። ገበሬው ባኮን በበቆሎዋ ያውቃታል፤ «ቢኤች 660»፣ «ቢኤች 540» በሚባሉት ዝርያዎች ስም ውስጥ ያለው «ቢኤች» የ«ባኮ ሃይብሪድ» አጭር መጠሪያ ነው። በርበሬዋም የራሱ ስም አለው፤ «ባኮ ሎካል» ከ«ማረቆ ፋና» እኩል የሚጠራ ዝርያ ነው።

ይህ በርበሬ ቀልቶ የሚለቀምበት ጊዜ የመጨረሻው ዝናብ ገና ካልወጣበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ጠዋት በሸራ ላይ የተሰጣው በርበሬ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲያጉረመርም እየተጠቀለለ ይገባል፤ ማግስቱን እንደገና ይሰጣል። ልጆች ስጥ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ዶሮው፣ አቧራው፣ የሌሊቱ ጤዛ ግን አይቀርም። እርጥበቱ ሳይወጣለት የከረመ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ አለበት። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በ1 ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ በጠቅላላው ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ከተገኘ አይቀበልም። እኛ ግን ያንኑ በርበሬ ለልጆቻችን በሽሮና በቀይ ወጥ እናበላለን። ስለዚህ ነገሩን የገበያ ጉዳይ ብቻ አድርጌ ላየው አልችልም።

መፍትሔው በፀሐይ የሚሠራ ማድረቂያ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ሠርተው የተዉትም አሉ። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ በአንድ ሐሳብ ተሳስቻለሁ፤ ሙቀት ሰብሳቢው ሳጥን በጋለ ቁጥር የተሻለ ይመስለኝ ነበር። መስታወቱ ሥር የከተትኩት ቴርሞሜትር 80 ዲግሪን ሲያልፍ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን በርበሬው የተደረደረበትን ቁም ሣጥን ስከፍት የታችኛው መደርደሪያ በርበሬ የተቀቀለ መስሎ ጠቁሯል፣ የላይኛው ደግሞ ውስጡ እንደረጠበ ነው። ሙቀቱን ሰብስቤ አስሬው ነበር እንጂ ወደ በርበሬው አላደረስኩትም። ይህ መመሪያ የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው፤ ጥሩ ሰብሳቢ የሚባለው በጣም የሚግለው ሳጥን ሳይሆን የያዘውን ሙቀት ቶሎ ለአየር አስረክቦ የሚያሰናብተው ነው።

የጄኔቫው ሳይንቲስት ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር በ1767 እ.ኤ.አ. በመስታወት የተከደነ ሳጥን ሠርቶ 110 ዲግሪ ገደማ አድርሶት ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሳጥኑ ዝግ ነበርና ያ ሁሉ ሙቀት አንዲት ቃሪያ እንኳ ባላደረቀ ነበር።

ስለምን እንደምንነጋገር

ከዚህ በታች የምሰጣቸው ቁጥሮች ለአንድ የተለመደ ማድረቂያ ናቸው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ላዩ መስታወት፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ነው። አየር በታችኛው ጫፍ ገብቶ እየሞቀ ሽቅብ ይወጣና በርበሬው ወደተደረደረበት ጨለማ ቁም ሣጥን ይገባል፤ ከዚያም በጭስ ማውጫ ይወጣል። በርበሬው ፀሐይ አያየውም፣ በዚህም ቀለሙ አይገረጣም። የእርስዎ ሳጥን ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ በዚያው ልክ ያስሉት።

አየርን ማሞቅ ለምን ያደርቃል? 25 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የጠዋት አየር፣ ምንም ውሃ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት 45 ዲግሪ ቢደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። የተጠማ አየር ይሆናል ማለት ነው። ለበርበሬ 45 እስከ 60 ዲግሪ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀለሙን ያበላሻል። ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ ከሆነ ደግሞ ከ43 ዲግሪ አይለፍ፣ ዘሩ ይሞታል። እንግዲህ 80 ዲግሪ ለምን ያስፈልገናል?

ሳይነኩት በፊት ይለኩት

ሦስት ነገር ያዘጋጁ፦ ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና ዕጣን። ሰማዩ በጠራ ቀን ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ቁም ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገጥሞ ሳለ ይለኩ።

በመጀመሪያ የሚገባውን አየር ሙቀት በጥላ፣ የሚወጣውን አየር ሙቀት ደግሞ ሳጥኑ ከቁም ሣጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይመዝግቡ። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ እንዳያገኘው በካርቶን ቁራጭ ይከልሉት፤ አለዚያ የሚነግርዎት የራሱን ሙቀት ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው መግቢያው አጠገብ በፍም ላይ ዕጣን ይጨምር፣ ሌላ ሰው ላይኛው ጫፍ ሆኖ ጭሱ እስኪደርስ ሰከንዱን ይቁጠር። 2 ሜትሩን በ5 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ።

አሁን ሒሳቡ ቀላል ነው። በባኮ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ 1 ሜትር ኩብ ሞቃት አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው 900 ጁል ያህል ነው። የአየር መንገዱ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መክፈቻው 0.09 ስኩዌር ሜትር ይሆናል። 0.09 በ0.4፣ በ20 ዲግሪ ልዩነት፣ በ900 ሲባዛ 648 ዋት ይመጣል። በጠራ የታኅሣሥ ቀትር በ2 ስኩዌር ሜትር መስታወት ላይ የሚያርፈው ፀሐይ 1800 ዋት ገደማ ነው። ሰብሳቢዎ የያዘው 36 በመቶውን ነው ማለት ነው፤ እቤት ለተሠራና ማራገቢያ ለሌለው ሳጥን መልካም ውጤት ነው።

የእኔን የመጀመሪያ ሳጥን በዚሁ መንገድ ስለካው ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነበር፣ ጭሱ ግን 2 ሜትሩን ለመጨረስ 25 ሰከንድ ፈጀበት። ውጤቱ 290 ዋት ገደማ ነው፤ 16 በመቶ። በእጅ ሲነካ የሚፋጀው ሳጥን፣ ለብ ያለ አየር ከሚነፍሰው ሳጥን ግማሹን እንኳ አልሠራም። የተቀረው ሙቀት የት ሄደ? በመስታወቱ፣ በጎኑና በጀርባው ወደ ሰማይ። ሳጥን በጋለ ቁጥር ወደ ውጭ የሚያፈሰው ይበዛል። ሆይት ሆቴልና ባልደረባው ዎርትዝ ስለ ፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢዎች በ1942 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የታወቀ ጥናት ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ የሚጠቅመው ሙቀት ከተዋጠው ላይ የፈሰሰው ሲቀነስ የሚተርፈው ነው።

ያገኙትን ቁጥር በሳጥኑ ጀርባ ላይ በማርከር ይጻፉት። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ተመልሰው ይለኩና ከሥሩ ይጨምሩ።

አቅጣጫና ዘንበል

ባኮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በቀትር በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በክረምት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በርበሬ በሚደርቅበት በበጋ ግን በደቡብ በኩል ነች። ስለዚህ የበርበሬ ማድረቂያ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ዘንበሉን 25 ዲግሪ ያድርገው። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግዎትም፤ የ2 ሜትሩን ሳጥን ላይኛውን ጫፍ ከታችኛው 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲያደርጉት 25 ዲግሪ ይሆናል። ይህ በታኅሣሥ ቀትር መሬት ላይ ከተነጠፈ ሳጥን 15 በመቶ ያህል ብልጫ ይሰጣል። በስሕተት ወደ ሰሜን ካዘነበለ ግን ግማሽ ያህሉን ፀሐይ ያጣል፤ የጣሪያው ተዳፋት ወደዚያ ስለሆነ ብቻ እንደዚያ የተሰቀለ ሰብሳቢ አይቻለሁ።

ደቡብን ለማግኘት ቀጥ ያለ 1 ሜትር እንጨት ይትከሉና ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ቅጽበት ይጠብቁ። ያኔ ጥላው የሚጠቁመው ሰሜንን ነው። ልብ ይበሉ፣ በባኮ እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም። በኅዳር መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ15፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ 6 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የዚያ እንጨት አጭሩ ጥላ 64 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ ብዙ ከራቀ እንጨትዎ ቀጥ አላለም ወይም መሬቱ ተዳፋት ነው። አቅጣጫው በ20 ዲግሪ ቢዛነፍ የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ብለው የተተከለ ሳጥን አይንቀሉ።

ቀዳዳውን ይድፈኑ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚክሰውም እሱ ነው። የሞቀ አየር ሽቅብ ስለሚገፋ በመጀመሪያ የሚያመልጠው በላይኛው ጫፍ ዙሪያ፣ መስታወቱ ከእንጨቱ በሚገጥምበት መስመርና በቁም ሣጥኑ በር ነው።

የላይኛውን መውጫ በጨርቅ ይወትፉና ከታች ዕጣን ያጭሱ። ጭሱ በየት በየት እንደሚሾልክ ይመልከቱ፤ እያንዳንዱን ቦታ በጠመኔ ያክብቡ። ባለፈው ዓመት የአንድ ጎረቤቴን ሳጥን በዚህ መንገድ ስንፈትሽ ከመስታወቱ ይልቅ በሚስማሮቹ ቀዳዳና ተሰነጣጥቆ በነበረው የባሕር ዛፍ ጣውላ በኩል እንደ ክር እየቀጠነ ሲወጣ አየን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ሳጥን የሚሠሩ ከሆነ ቢያንስ አንድ በጋ የቆየ ሞራሌ ይምረጡ።

ለመስታወቱ ዙሪያ ከአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ እንደ ትራስ አንጥፈው ላዩን በቀጭን እንጨት ይጫኑት። ስቱኮ አይጠቀሙ፤ መስታወትና እንጨት በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ በአንድ በጋ ይፈረካከሳል። ሲሊከን ጥሩ ነው፤ መስታወቱ ሲሰበር ለመቀየር ግን ያስቸግራል። ለስንጥቁ ሰጋቱራ በእንጨት ኮላ ለውሰው ይድፈኑበት። የቁም ሣጥኑ በር ዙሪያም እንዲሁ ጎማ ይዙርበት፣ የሚያጠብቅ መቀርቀሪያም ይኑረው።

ለአየር መንገድ ይስጡት

ከቀዳዳው ቀጥሎ ትልቁ ጉድለት የታነቀ የአየር መንገድ ነው። አየር በገባበት ስፋት መጓዝና በዚያው ስፋት መውጣት አለበት። በእኛ ሳጥን መንገዱ 90 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 900 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ነው። ጭስ ማውጫው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ልክ እኩል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ክንድ የማታስገባ ቧንቧ ናት፤ እሷ እያለች ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከንቱ ነው።

የዝንብ መከላከያ ወንፊት የሚለበጠው መግቢያ ከመንገዱ በአንድ ተኩል እጥፍ ይስፋ፤ ሽቦው ራሱ ቦታ ይይዛልና። ከመሬትም ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ወንፊቱን በየሳምንቱ ነቅለው ያራግፉ። አንድ ጊዜ አየሩ ለምን እንደደከመ ስፈልግ ውዬ በመጨረሻ ወንፊቱን በጣቴ ስፍቀው፣ የበቆሎ ብናኝና አቧራ እንደ ስስ ቂጣ ተላጦ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው ያለው ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ ነበር።

ጭስ ማውጫው ከቁም ሣጥኑ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ይውጣ፤ ከላሜራ ተሠርቶ ውጭው ጥቁር ይቀባ። ፀሐይ ራሷ ስታሞቀው የውስጡን አየር ወደ ላይ ትጎትተዋለች። ዝናብ እንዳይገባ ቆብ ያድርጉለት፤ በቆቡና በአፉ መካከል ግን 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ።

አቅም ካለዎት ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ከ10 ዋት የፀሐይ ፓኔል ጋር በቀጥታ ያገናኙ። ባትሪም ተቆጣጣሪም አያስፈልግም። ፀሐይ ስትበረታ ማራገቢያው ይፈጥናል፣ ደመና ሲመጣ ይቀዘቅዛል፤ ሰብሳቢው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ማራገቢያውን ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት በታች በኩል ይግጠሙት፣ ዕድሜው ይረዝማል።

ጥቁሩ ሉህ

በብዙ ሳጥን ውስጥ አየሩ በመስታወቱና በጥቁሩ ቆርቆሮ መካከል ያልፋል። ይሠራል፤ ነገር ግን የሞቀው አየር መስታወቱን እየላሰ ስለሚሄድ ሙቀቱን እዚያው ይለቃል። አየሩን ከቆርቆሮው ሥር ቢያሳልፉት ይሻላል። ቆርቆሮው ከመስታወቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በላይ በኩል ያለው አየር ዝግ ሆኖ እንደ ብርድ ልብስ ያገልግል፤ የሚጓዘው አየር ከሥሩ ባለው የ10 ሳንቲ ሜትር መንገድ ይለፍ። ማራገቢያ ከሌለ የቆርቆሮው ቦይ ወደ ላይ ከሚሄደው አየር ጋር አብሮ ይሩጥ፤ ካለ ግን አግድም ቢሆን አየሩን ስለሚያተራምሰው ሙቀቱን በደንብ ይሰጣል።

ከዚህም የሚበልጥ፣ ዋጋውም የሚቀንስ ዘዴ አለ። ቆርቆሮውን አውጥተው በምትኩ መስኮት ላይ የሚለበጠውን የብረት ወንፊት ሁለት ወይም ሦስት ድርብ አድርገው ጥቁር ቀብተው ይወጥሩት። ፕላስቲኩ አይሆንም፣ ይቀልጣል። አወጣጠሩ ሰያፍ ነው፤ በታችኛው ጫፍ ከሳጥኑ ወለል ይነሣል፣ በላይኛው ጫፍ መስታወቱ ሥር ይደርሳል። በዚህ አወጣጠር የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በወንፊቱና በመስታወቱ መካከል ይገባል፣ በሽቦው ቀዳዳዎች ሾልኮ ከሥር ይወጣል፤ የቁም ሣጥኑ መግቢያም ከወንፊቱ ኋላ ነው። ለዚህ እንዲመች የወንፊቱ ታችኛ ጫፍ በወለሉ ላይ፣ ላይኛው ጫፍ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በደንብ ይታሰር፣ ዙሪያውም ክፍተት አይኑረው። እንዲህ ሲሆን መስታወቱ የሚያገኘው ገና ያልሞቀውን አየር ነው፤ አየሩም በሺህ የሚቆጠሩ ሞቃት ሽቦዎችን እየነካ ያልፋል። እኔ ከሞከርኩት ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ ያየሁበት ይህ ነው።

ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ይሁን። የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ የሚቀባበት ቀለም ጥሩ ነው፤ የሚያርፍበትን ብርሃን 95 በመቶ ያህል ይውጣል። ከቀቡ በኋላ ምግብ ሳያስገቡ ሦስት የጠሩ ቀናት ባዶውን ያግሉት፤ የቀለሙ ሽታ ካልወጣ በርበሬው ይጠጣዋል። ሃሪ ታቦር በ1955 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቃቸው፣ ብርሃን ውጠው ሙቀት መልሰው የማይረጩ ልዩ ገጽታዎች ለውሃ ማሞቂያ ድንቅ ናቸው። ለ50 ዲግሪ አየር ግን ገንዘብዎን ለሌላ ነገር ያድርጉት።

መስታወትና ላስቲክ

የ4 ሚሊ ሜትር የመስኮት መስታወት ይበቃል። ጠርዙን አይተው ይምረጡ፤ በጣም አረንጓዴ ከሆነ ብረት የበዛበት ነው፣ ብርሃን ያስቀራል። ባለ 2 ሜትር ወጥ መስታወት እስከ ባኮ ሳይሰበር ማድረስ ከባድ ነውና ከ1 ሜትር ጥቂት የሚረዝሙ ሁለት ቁራጮች ይጠቀሙ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ 3 ሳንቲ ሜትር ይደረብ።

ሁለት ድርብ መስታወት ያስፈልጋል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ለባኮ አያስፈልግም። ሁለተኛው መስታወት ከሚገባው ብርሃን 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የእኛ አየር ከውጭው በ20 ዲግሪ ብቻ ስለሚበልጥ የሚያተርፈው ያንን አይክስም። ጌዶ ላይ፣ ብርዱና ነፋሱ በሚበረታበት፣ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን በመጀመሪያ ጀርባውን ያወፍሩ።

መስታወት ካልተገኘ ላስቲክ ይሠራል፤ ግን ተራው ላስቲክ በአንድ በጋ ፀሐይ ይሰባበራል፣ ከጥቁሩ ሉህ የሚረጨውንም ሙቀት እንደ መስታወት አያግድም። በሆለታ በኩል ያሉ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት የግሪንሃውስ ላስቲክ ፀሐይን እንዲቋቋም ተደርጎ ስለሚሠራ እሱን ይጠይቁ። የቱም ይሁን የቱ፣ በታኅሣሥና በጥር አቧራ ጊዜ በየጠዋቱ፣ ገና ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ።

ጀርባውን ያልብሱ

ጀርባው ባዶ ቆርቆሮ የሆነ ሳጥን፣ የውስጡ ሙቀት ከውጭው በ25 ዲግሪ ሲበልጥ በዚያ በኩል ብቻ 400 ዋት ያህል ያፈስሳል። በፊት ካሰላነው 648 ዋት አጠገብ ያስቀምጡት። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይህን ወደ 60 ወይም 70 ዋት ያወርደዋል። ሁለቱም ባኮ ውስጥ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ ይገኛሉ። ቁም ነገሩ መድረቁ ነው፤ የረጠበ ጭድ አያግድም፣ ይበሰብሳልም። ከመጠቅጠቅዎ በፊት ሁለት ቀን ያስጡት፣ ከሥር በላስቲክ ወይም በኮምፔንሳቶ ይዝጉት፣ አይጥ የምትገባበት ቀዳዳ አይተዉ። ነጩ ፎም ቀላል ቢሆንም ጥቁሩን ሉህ እንዲነካ አያድርጉት፤ ይኮማተራል።

በርበሬውን በልኩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሳጥኑ ደህና ሆኖ ሳለ ሸክሙ ይበዛበታል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 10 ኪሎ ቀይ በርበሬ ከ100 እጁ 75ቱ ውሃ ቢሆን፣ ደረቁ ነገር 2.5 ኪሎ ነው። ወደ 10 በመቶ እርጥበት ሲወርድ ክብደቱ 2.8 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 7.2 ኪሎ ውሃ ተንኖ መውጣት አለበት። 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጥሩ የበጋ ቀን በስኩዌር ሜትር 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ 2 ስኩዌር ሜትር ሰብሳቢ በ36 በመቶ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስገባል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አየሩን ተከትሎ ሳይሠራ ይወጣል። በቀን 3 ኪሎ ውሃ ያወጣል ማለት ነው። ለ10 ኪሎ ሦስት ቀን ይቁጠሩ።

10 ኪሎውን 90 በ90 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሦስት መደርደሪያዎች ይበትኑት፤ ከቀርከሃ የተሠሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው። በመካከላቸው 25 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። የታችኛው ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፤ በየቀኑ ቦታ ያለዋውጧቸው። ለቤት የሚሆነውን በቁመቱ ሰንጥቀው ቢያደርቁት ጊዜው በጣም ያጥራል። ለገበያ ከሆነ ሙሉውን ይተዉት፤ ገዢው መልኩን ነው የሚያየው። 30 ወይም 40 ኪሎ ያለው ሰው አንዱን ሳጥን ከሚያስጨንቀው ሁለተኛ ይሥራ፤ ወይም ቀኑን በሸራ አጠውልጎ የመጨረሻውን፣ ሻጋታ የሚያሰጋበትን ክፍል ለማድረቂያው ይስጠው።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ መግቢያውንና ጭስ ማውጫውን ይዝጉ። ሌሊት የሚገባው እርጥብ አየር ቀን የወጣውን መልሶ ያስገባል።

መድረቁን በሚዛን ይወቁ፤ 10 ኪሎ ያስገባ ሰው 2.8 ኪሎ ሲደርስ ያውጣ። ሚዛን ከሌለ ዛላውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፣ ፍሬው ይንኳኳል፤ ሲያጥፉት እንደ ቅጠል ሳይተጣጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ለበቆሎ ደግሞ ደረቅ ጨውና አንድ እፍኝ ፍሬ በጠርሙስ ከትተው ለጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ጎተራ አይግባ።

ከበጋ በኋላ

ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ምስጥ ጠላታችን ነው። የሳጥኑን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ያቁሙ፤ ጣሳው በአቧራ ከሞላ ለምስጥ ድልድይ ስለሚሆን ያጽዱት። ክረምት ሲገባ መስታወቱን አውጥተው በጋቢ ወይም በጆንያ ጠቅልለው ግድግዳ ሥር ያቁሙት፣ ጭዱንም አውጥተው ይጣሉ፤ በቀጣዩ ጥቅምት አዲስ ይሙሉ። የብረትና የእንጨት ሥራው ካስቸገረዎት ባኮ ውስጥ ያለው የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል በገበሬ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ጎራ ብለው ይጠይቁ፤ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የጻፏቸውን ቁጥሮች ይዘው ይሂዱ።

የደረቀውን በርበሬ ደግሞ እንደወጣ ጆንያ ውስጥ አይክተቱት። ትኩስ ሆኖ ሲታሰር ይወብቃል፣ ውስጡም ጠል ይሠራል። በንጹሕ ሰሌን ላይ በጥላ አንድ ሰዓት ያብርዱትና፣ አየሩ ሳይረጥብ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ይሰሩት።